ሽማግሌው ውሻ ሲያነክስ፦ ክኒኑን አስቀምጡና መጀመሪያ ይህን አንብቡ

ቅዳሜና እሁድ ከአዳማ ወደ ሶደሬ የሚወርደው ሰው ሁሉ ለዋና የሚሄድ አይደለም። ጉልበቱ አልታዘዝ ያለው፣ ወገቡን የቆረጠው፣ "ፍል ውሃው ያፍታታኛል" ብሎ የሚሄድ አዛውንት ብዙ ነው። የሰው ሲሆን ቁርጥማት ነው ብለን ወዲያው እንረዳለን። አስር ዓመት ግቢያችንን የጠበቀ ውሻ ጠዋት ጠዋት በሦስት እግሩ ሲራመድ ግን "በቃ አርጅቷል" ብለን እናልፋለን። አንዳንዴ ደግሞ አዝነንለት ቤት ያለውን ዳይክሎፌናክ በሥጋ ጠቅልለን እናጎርሰዋለን። ቁርጥማቱ ብቻውን ውሻውን አይገድለውም። ያቺ ጉርሻ ግን ልትገድለው ትችላለች።

ነገሩ ሐኪሞች አርትራይተስ የሚሉት ነው። የአጥንቱን ጫፍ የሚሸፍነው ለስላሳ ካርቲሌጅ እየሳሳ ይሄድና መገጣጠሚያው ያብጣል፣ ይደርቃል። ካርቲሌጁ አንዴ ካለቀ ተመልሶ አይተካም፤ ስለዚህ የሚፈለገው ህመሙን መቀነስ ነው እንጂ ፈጽሞ ማዳን አይደለም። እንደ ጀርመን ሸፐርድ ያሉ ትልልቅ ዝርያዎች ከአፈጣጠራቸው ዳሌያቸው ላይ ይጠቃሉ። የአበሻው ውሻ ደግሞ ቡችላ እያለ ባጃጅ የገጨው እግር፣ ሳይታሰር በራሱ የገጠመ ስብራት ከዓመታት በኋላ ሊነሳበት ይችላል።

ውሻ "አመመኝ" ብሎ አያቃስትም። ምልክቱ ሌላ ነው፦ ከእንቅልፉ ሲነሳ ይገተራል፣ ትንሽ ከተራመደ በኋላ ይፍታታል። ደረጃ መውጣት ይተዋል። በር ሲንኳኳ እንደ ድሮው ሮጦ አይመጣም። አንዱን መገጣጠሚያ ደጋግሞ ይልሳል፤ የኋላ እግሩ ሥጋ እየቀነሰ ይሄዳል። ጠባዩም ይቀየራል። የሚያነክስ ውሻ ይነክሳል ብትሉ አልተሳሳታችሁም፤ ያመመው ቦታ ላይ ልጅ ሲደገፈው ሊናከስ ይችላል፣ ክፋት አይደለም።

እዚህ ላይ ስልካችሁ ይጠቅማችኋል። ጠዋት ልክ ሲነሳ፣ ከጎንና ከኋላ ሲራመድ በቪዲዮ ቅረጹት፣ ከዚያ በስሎው ሞሽን እዩት። የፊት እግሩን ካመመው የታመመው እግር መሬት ሲነካ ጭንቅላቱን ወደ ላይ ያነሳል። ቪዲዮውን ለእንስሳት ሐኪሙ አሳዩት፤ ብዙ ውሻ ክሊኒክ ሲገባ ከፍርሃት የተነሳ ማነከሱን ይደብቃል።

ያነከሰ ሁሉ ግን ቁርጥማት አለበት ማለት አይደለም። ድንገት ዛሬ ማነከስ ከጀመረ መጀመሪያ መዳፉን ገልጣችሁ እዩ፤ በስምጥ ሸለቆ የግራር እሾህ የማይገባበት ቦታ የለም። መዥገር የሚያስተላልፋቸው በሽታዎችም ትኩሳት አምጥተው ዛሬ አንዱን ነገ ሌላውን እግር ያስነክሳሉ። እግሩ ላይ ጠንካራ እብጠት ካለ የአጥንት ካንሰር ሊሆን ስለሚችል አትዘግዩ።

በእኛ አገር ደግሞ የእብድ ውሻ በሽታን መዘንጋት አይቻልም። ቁርጥማት በወራት ነው የሚመጣው። በጥቂት ቀን ውስጥ የኋላ እግሩ ሽባ እየሆነ፣ መንጋጋው እየተንጠለጠለ፣ ምራቁ እየተዝረከረከ የመጣ ውሻን "አጥንት አንቆት ይሆን" ብላችሁ አፉን እንዳትከፍቱ። ከነከሳችሁ ወይም ምራቁ ቁስል ከነካ ቦታውን በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ ታጥባችሁ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ።

አሁን ወደ ክኒኑ። 400 ሚሊግራም አይቡፕሮፌን ለ15 ኪሎ ውሻ ስትሰጡ፣ 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው አራቱን በአንዴ እንደዋጠ ቁጠሩት። የውሻ ሆድና ኩላሊት ደግሞ ለዚህ መድኃኒት ከሰው ይልቅ ስስ ነው። ዳይክሎፌናክም እንደዚያው ጨጓራ ያቆስላል፣ ኩላሊት ያቆማል። ፓራሲታሞል ሲበዛ ጉበቱን ይጎዳል። ለውሻ የሚታዘዝ ሜሎክሲካም የሚባል መድኃኒት አለ፣ ችግሩ መጠኑ ነው፤ የ15 ኪሎ ውሻ የተለመደ የቀን መጠን 1.5 ሚሊግራም አካባቢ ሲሆን የሰው ፋርማሲ ውስጥ ያለው ክኒን 7.5 ወይም 15 ነው። አምስት እጥፍ፣ አስር እጥፍ! ስለዚህ "ስሙ አንድ ነው" ብላችሁ አትግዙ። ዴክሳ የተወጋ ውሻ ላይ እነዚህን መድኃኒቶች መደረብም የጨጓራ ደም መፍሰስ ያመጣል፤ ምን እንደተወጋ ለሐኪሙ ሳትደብቁ ንገሩ። ተሳስታችሁ ሰጥታችሁት ካስመለሰው፣ ዓይነ ምድሩ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ወይም ድዱ ከነጣ ሰዓት አትቁጠሩ፣ ውሰዱት።

(ስለ ዳይክሎፌናክ ካነሳን አይቀር፦ በሕንድና በጎረቤቶቿ ይህን መድኃኒት የተወጉ ከብቶችን ጥንብ የበሉ ጥንብ አንሳዎች ኩላሊታቸው እየቆመ ሊያልቁ ደርሰው ነበር። ሕንድ በ2006 እ.ኤ.አ. ለእንስሳት እንዳይውል አገደችው።)

ቤት ውስጥ የሚሠራው ሥራ ከመድኃኒቱ አያንስም። የመጀመሪያው ክብደት ነው። በአሜሪካ 48 ላብራዶሮች ጥንድ ጥንድ ሆነው ዕድሜ ልካቸውን ሲጠኑ፣ ከጥንዳቸው 25 በመቶ ያነሰ የበሉት ወደ ሁለት ዓመት ገደማ የበለጠ ኖሩ፤ ለመገጣጠሚያ ህመም ሕክምና ያስፈለጋቸውም ሦስት ዓመት ያህል ዘግይተው ነው። ግን ተጠንቀቁ፣ ይሄ ለወፈረ ውሻ ነው። የጎድን አጥንቱ የሚቆጠር የግቢ ውሻ ላይ ምግብ መቀነስ ግፍ ነው፤ እሱ እንዲያውም ጡንቻ የሚሠራ እንቁላልና ሥጋ ይፈልጋል። የወጥ ትርፍራፊ ደግሞ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት አለበት፣ ሁለቱም የውሻን ቀይ የደም ሴል ይሰብራሉ።

ሌላው እንቅስቃሴ ነው። ቀኑን ሙሉ በሰንሰለት ታስሮ ሲሚንቶ ላይ የተኛ ሽማግሌ ውሻ ይብስበታል። ፀሐይ ሳይበረታ ጠዋትና ማታ አስር አስር ደቂቃ ቀስ ብሎ መራመድ፣ በሳምንት አንዴ ከማስሮጥ በጣም ይሻላል። ከሥሩ ወፍራም ስፖንጅ ወይም በጭድ የተሞላ ጆንያ አንጥፉለት። ጥፍሩ ካደገ አስቆርጡት፤ ረጅም ጥፍር አረጋገጡን ያበላሻል። ጠዋት ጠዋት ለብ ባለ ውሃ የተነከረ ፎጣ መገጣጠሚያው ላይ አስር ደቂቃ ማድረግ ያፍታታዋል፣ ሙቀቱን በክንዳችሁ ሞክሩት።

"ታዲያ ሶደሬ ልውሰደው?" ለምትሉ፦ ሐሳቡ መጥፎ አይደለም። ውጭ አገር ውሾችን ለብ ባለ ውሃ ውስጥ የሚያራምዱ ክሊኒኮች አሉ፤ ውሃው ክብደቱን ይሸከምለታል። የሶደሬው ውሃ ግን ከምንጩ ሲወጣ ትኩስ ነው፣ ውሻ ደግሞ እንደ ሰው አልቦ ሳይሆን አለክልኮ ነው የሚቀዘቅዘው። አዋሽ ውስጥ ላስዋኘው ካላችሁም አዞ አለ። ፎጣው ይበቃል።

ለምርመራ በቅርብ ያለ የእንስሳት ክሊኒክ ጀምሩ። ነገሩ ከከበደ ቢሾፍቱ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለ፣ ከአዳማ በፍጥነት መንገዱ ሩቅ አይደለም። መድኃኒት ከታዘዘ ከምግብ ጋር ስጡት፣ ከሳምንት በኋላ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ሰዓት ሌላ ቪዲዮ ቀርጻችሁ ከመጀመሪያው ጋር አወዳድሩ። ይህን ሁሉ ሞክራችሁ ለመብላትም ለመሽናትም መነሳት ካቃተው፣ መንገድ ላይ ከመጣል ይልቅ ያለ ስቃይ እንዲያርፍ ስለሚያደርገው መርፌ ሐኪሙን ጠይቁ።