ደለል ያልረሳው ዕዳ

«ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» ይላል ያገራችን ሰው። በጃፓን አገር፣ ቶያማ በተባለው ክፍለ ሀገር፣ ከጂንዙ ወንዝ ግራና ቀኝ ይኖር የነበረው ገበሬ ተረቱን ባያውቀውም በአጥንቱ ኖሮታል። ወንዙን በቦይ ጠልፎ ሩዙን ያጠጣበታል፤ ይጠጣዋል፤ ያበስልበታል፤ ዓሣ ያጠምድበታል። ከውሃው ጋር ምን እንደሚወርድ ግን ለብዙ ዓመታት የነገረው አልነበረም። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከወንዙ ራስጌ፣ ካሚዮካ በሚባል ተራራማ ስፍራ፣ ከጥንት ጀምሮ ብር፣ መዳብና እርሳስ ይወጣ ነበር። ሚትሱይ የተባለው ታላቅ የንግድ ቤት ከ1874 ጀምሮ ማውጫዎቹን እየገዛ ጠቀለላቸው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ዚንክ ገበያ ሲያገኝ ሥራው ሰፋ፤ ጦርነት በመጣ ቁጥርም ምርቱ ጨመረ። ዚንክ ያለበት ድንጋይ ግን ብቻውን አይወጣም፤ ካድሚየም የሚባል የማይለየው ጓደኛ አለው። ጀርመናዊው ኬሚስት ፍሪድሪኽ ሽትሮማየር በ1817 ካድሚየምን ያገኘውም ከዚንክ ውህድ ውስጥ ነው። በካሚዮካ ለረጅም ጊዜ ፈላጊ ስላልነበረው ከቅሪቱ ጋር ይጣል ነበር።

ጉዳቱን ያባባሰው ደግሞ የሙያው መሻሻል ራሱ ነው። ማዕድኑን ከድንጋዩ አጥርቶ ለመለየት ድንጋዩ እንደ ዱቄት መፈጨት ነበረበት። ጥርብ ድንጋይ ከተጣለበት ብዙም አይርቅም፤ ዱቄት ግን ከውሃ ጋር ይጓዛል። ወንዙ ተራራውን ለቅቆ ሜዳ ሲደርስ ጉልበቱ ይደክማል፤ የተሸከመውንም በአልጋው፣ በቦዩና በማሳው ላይ ያራግፋል። የሩዝ ማሳ ውሃ አቁሮ የሚያቆይ በመሆኑ ዋነኛ የደለል ማረፊያ ነው። እንጨት ይበሰብሳል፤ ፍግም አፈር ይሆናል። ካድሚየም ግን አይበሰብስም፤ ዓመት በዓመት ይደራረባል። ላይ ላዩን ውሃው ጠርቶ ሲታይ፣ ከሥሩ ያለው ጭቃ ያለፈውን ሁሉ ይዞ ይቀመጣል።

መጀመሪያ የታመመው ሩዙ ነበር። ገበሬዎቹ ሰብላችን ቀጨጨ ብለው አቤት አሉ። ከዚያ ተራው የሰው ሆነ። በተለይ በዕድሜ የገፉና ብዙ ልጆች የወለዱ ሴቶች ወገባቸውን ያማቸው ጀመር። አረማመዳቸው ተዛባ። ውሎ አድሮም በሳል ብቻ የጎድን አጥንታቸው ይሰበር ነበር። ካድሚየም ኩላሊትን ይጎዳል፤ የተጎዳ ኩላሊትም አጥንት የሚጠነክርበትን ንጥረ ነገር ከሽንት ጋር ያፈሰዋል። ሕመምተኞቹ ቀን ከሌት «ኢታይ! ኢታይ!» (አመመኝ! አመመኝ!) እያሉ ስለሚጮኹ በሽታው ኢታይ-ኢታይ ተባለ። ጎረቤት ግን የቀደመ ኃጢአት ቅጣት ነው ይል ነበር። ቤተሰብም ሩዛችን ገበያ ያጣል፣ ለልጆቻችንም ሚስት የሚሰጠን አይገኝም እያለ ሕመምተኛውን ይደብቅ ነበር።

ዶክተር ኖቦሩ ሃጊኖ ከጦር ሜዳ ተመልሰው በ1946 የቤተሰባቸውን ክሊኒክ ሲከፍቱ ያገኙት ይህንን ነው። መጀመሪያ እሳቸውም የምግብ እጥረትና የሥራ ብዛት ያመጣው መስሏቸው ነበር። በኋላ የሕመምተኞቹን ቤት በካርታ ላይ ምልክት እያደረጉ ሲያዩት፣ ነጥቦቹ የጂንዙ ውሃ ከሚጠጣው ማሳ አልወጡም። በ1957 ምክንያቱ የማዕድን ማውጫው ነው ብለው ሲናገሩ ብዙዎች ተሳለቁባቸው። እሳቸው ግን አልተመለሱም። በኦካያማ ዩኒቨርሲቲ ከነበሩት ከጁን ኮባያሺና ከግብርና ምሁሩ ኪንኢቺ ዮሺዮካ ጋር ሆነው ካድሚየምን ተከታተሉት፤ በ1961ም ግኝቱ ለሐኪሞች ጉባዔ ቀረበ።

በመጋቢት 1968 ተጎጂዎቹ ኩባንያውን ከሰሱ። በግንቦት ወር መንግሥት በሽታው ከማዕድን ማውጫው በወጣ ካድሚየም የመጣ መሆኑን አመነ፤ በጃፓን ከአካባቢ ብክለት የመጣ ተብሎ በመንግሥት የታወቀ የመጀመሪያው በሽታም ሆነ። በ1971 ፍርድ ቤቱ ለተጎጂዎቹ ፈረደ። ኩባንያው ይግባኝ አለ፤ በ1972 ግን በድጋሚ ተረታ።

ከካሳው ይልቅ የሚደነቀው ገበሬዎቹ ከድሉ ማግስት ያስፈረሙት ውል ነው። በፈለጉ ጊዜ የራሳቸውን ባለሙያ ይዘው ወደ ማውጫው ገብተው እንዲመረምሩ፣ ወጪውንም ኩባንያው እንዲችል ተስማማ። በየዓመቱ እየገቡ መረመሩ። የተበከለው አፈር ግን በፊርማ አይጸዳም። ከ1979 እስከ 2012 ድረስ በ863 ሄክታር ማሳ ላይ የተመረዘው አፈር እየተቀበረ ንጹሕ አፈር ተደለደለበት። ሥራው 33 ዓመት ፈጀ፤ 40 ቢሊዮን የን ያህልም ወጣበት። ማዕድን ማውጣቱ በ2001 ቆሞ ነበር፤ ከተጎጂዎቹ ጋር የመጨረሻው እርቅ የወረደው ግን በ2013 ነው። በሕግ የታወቁት ሕመምተኞች 200 ያህል ናቸው፤ ተደብቀው የሞቱትን የቆጠረ የለም።

ዛሬ ጂንዙ ጠርቶ ይፈስሳል። ታሪኩ የሚያስተምረው ግን ጥራትን በዓይን መመስከር እንደማይቻል ነው። ፋብሪካ ቆሻሻውን ወንዝ ላይ ሲደፋ «ውሃው ይወስደዋል» ይላል። ውሃው በእርግጥ ይወስደዋል፤ የሚያደርሰው ግን ከታች ካለው ገበሬ ማሳ፣ ከዚያም ከበላተኛው ገበታ ነው።