የዐሥራ ስምንተኛው ልደት ደብዳቤ

በአማርኛችን አንድ ልጅ በሕግ ፊት ራሱን የቻለ ሰው ሲሆን «አካለ መጠን አደረሰ» ይባላል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም ይህንኑ አነጋገር ተቀብሎ ልኩን በ18 ዓመት ወስኖታል። አነጋገሩ የሚያነሣው አካልን ነው፤ ሕጉ የሚቆጥረው ግን ዓመትን ነው። ለአብዛኛው ልጅ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት እምብዛም አያስቸግርም። አካሉ ወይም አእምሮው በሕመም ለተጎዳ የድኻ ልጅ ግን ልዩነቱ የእንጀራ ጉዳይ ይሆናል። ይህን ነገር ከአሜሪካ የድጎማ ሕግ ይልቅ ጉልህ አድርጎ የሚያሳይ ታሪክ ስለማላውቅ፣ በዚህ ጽሑፍ የእርሱን መንገድ ለመከተል መርጫለሁ። በዚያ የሚኖሩ ወገኖቻችንን በማማከር ሥራ የተሰማሩ የሙያ ባልደረቦቻችን፣ የ18 ዓመቱ ደብዳቤ በእጃቸው ሲገባ ከየት እንደ መጣ ማወቁ ይጠቅማቸዋል ብዬም አምናለሁ። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ዘመን በ1935 የወጣው የሶሻል ሴኩሪቲ ሕግ የጡረታ አበል ያስገኝ የነበረው ለሠራተኛው ብቻ ነበር። ሕጉ በ1939 ሲሻሻል፣ ሠራተኛው ጡረታ ሲወጣ ወይም ሲሞት ለሚስቱና ለልጆቹም እንዲከፈል ተደረገ፤ የልጁም አበል 18 ዓመት ሲሞላው እንዲቆም ተወሰነ። 16 ዓመት የሞላው ልጅ፣ የሚቻል እስከ ሆነ ድረስ፣ ትምህርት ቤት መሄድ ነበረበት። ከዚህ እንደምንረዳው የ18 ዓመቱ ወሰን የተተከለው፣ አባቱ የሞተበት ልጅ ትምህርቱን ጨርሶ በራሱ ሥራ የሚያድረው መቼ ነው ለሚለው ጥያቄ መልስ ሆኖ ነው። መልሱ የታሰበው ለጤናማ ልጅ ነበር፤ ሕመም በዚያ ስሌት ውስጥ ቦታ አልነበረውም።

ከዚያ በኋላ ወሰኑ ወዲያና ወዲህ ሲገፋ ኖረ። በ1956፣ ከ18 ዓመት ዕድሜው በፊት አካል ጉዳተኛ የሆነ ልጅ፣ ዕድሜው ካለፈም በኋላ በወላጁ መዋጮ ላይ የተመሠረተ አበል እንዲያገኝ ተፈቀደ፤ በ1972 ደግሞ ጉዳቱ ከ22 ዓመት በፊት የደረሰ ከሆነ ይበቃል ተባለ። በ1965 በፕሬዚዳንት ጆንሰን ጊዜ፣ ትምህርታቸውን ለሚቀጥሉ ልጆች አበሉ እስከ 22 ዓመት ተራዘመ። ይህኛው ብዙ አልቆየም። በ1981 በፕሬዚዳንት ሬገን ጊዜ የወጣው የበጀት ሕግ የኮሌጅ ተማሪዎችን አበል ደረጃ በደረጃ እንዲቀር አደረገ፤ ከሜይ 1982 በፊት ኮሌጅ ገብተው ለተገኙት ብቻ እየተቀነሰ ለጥቂት ጊዜ ተከፈለ። ቀኑ እንዳያመልጣቸው ሁለተኛ ደረጃን ሳይጨርሱ ወደ ኮሌጅ የተሽቀዳደሙ ወጣቶችም ነበሩ። ሕግ አውጭ በወረቀት ላይ አንዲት ቀን ሲያሰምር በስንት ቤት ውስጥ ሩጫ እንደሚሆን ከዚህ ይታያል።

ዋናው ጉዳያችን ግን ሌላ ሕግ ነው። ከላይ ያየነው አበል ሁሉ ወላጁ ሠርቶ ላዋጣለት ልጅ የሚደርስ ነበር። ወላጆቹ ያላዋጡለት ወይም ጨርሶ ድኻ የሆኑበት ልጅስ? ለዚህ በከፊል መልስ የሰጠው፣ ፕሬዚዳንት ኒክሰን በኦክቶበር 30 ቀን 1972 የፈረሙትና ክፍያው በጃኑዋሪ 1974 የተጀመረው፣ በተለምዶ ኤስ.ኤስ.አይ. የሚባለው ድጎማ ነው። ችግረኛ ለሆኑ ሽማግሌዎች፣ ዓይነ ስውራንና አካል ጉዳተኞች የታሰበ ሲሆን፣ ለአንድ ሰው የተመደበው የመጀመሪያው ክፍያ በወር 140 ዶላር ነበር። አካል ጉዳተኛ ማለት፣ ቢያንስ 12 ወር በሚቆይ ወይም ለሞት በሚያደርስ ሕመም ምክንያት ደህና ገቢ የሚያስገኝ ሥራ ለመሥራት የማይችል ሰው ነው ተብሎ ተተረጐመ። ሕፃን ልጅ ግን ቀድሞውኑ ሥራ አይሠራም። ታዲያ የሦስት ዓመት ልጅ ሥራ መሥራት አቃተው ይባላልን? የሕጉ አርቃቂዎች ችግሩን በቅንፍ አለፉት። ዕድሜው ከ18 በታች ከሆነ ክብደቱ ተመጣጣኝ የሆነ ሕመም ይበቃል የሚል ሐረግ በቅንፍ አግብተው፣ ከምን ጋር በምን መስፈሪያ እንደሚመጣጠን ሳይናገሩ ተዉት። እንግዲህ በሺህ የሚቆጠሩ ልጆች ዕድል ለዓመታት በዚያ ቅንፍ ውስጥ ኖረ።

ቅንፉን የሞላው የሶሻል ሴኩሪቲ መሥሪያ ቤት ነው። ለአዋቂ ሰው ምርመራው ሁለት በር ነበረው። ሕመሙ በመሥሪያ ቤቱ የበሽታዎች ዝርዝር ውስጥ ካለ በመጀመሪያው ይገባል፤ ከሌለም ዕድሜው፣ ትምህርቱና የሥራ ልምዱ ታይቶ በእርግጥ መሥራት ይችል እንደ ሆነ ይመረመራል። ለልጅ የነበረው ግን ዝርዝሩ ብቻ ነው። በዝርዝሩ የሌለ ወይም የማይተካከል ሕመም ያለበት ልጅ፣ መልበስም መራመድም ቢያቅተው ማመልከቻው ይመለሳል።

ይህ አሠራር በ1983 በፔንሲልቬኒያ በተከፈተ የብዙ ልጆች የጋራ ክስ ተነቀፈ። «የዘብሊ ጉዳይ» ተብሎ የሚታወቀው ክስ ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ በፌብሩዋሪ 20 ቀን 1990 በሰባት ለሁለት ድምፅ ለልጆቹ ተፈረደ። ፍርዱን የጻፉት ዳኛ ብላክመን ሲሆኑ፣ ልጅም እንደ አዋቂ ሁሉ በግሉ ሊመረመር ይገባዋል፤ ሕመሙ የእኩዮቹን የዕለት ተዕለት ተግባር፣ ማለትም መናገርን፣ መራመድን፣ መታጠብን፣ መልበስን፣ መማርንና መጫወትን ምን ያህል እንደሚያግደው ማየት ይቻላል አሉ። መሥሪያ ቤቱም ከ1980 ጀምሮ የከለከላቸውን ልጆች ጉዳይ እንደ ገና እንዲያይ ተገደደ።

በዚያው ዓመት የልጆች የአእምሮ ሕመም ዝርዝር ስለ ሰፋም፣ በ1989 መጨረሻ 265,000 ያህል የነበሩት ተደጓሚ ልጆች በ1996 መጨረሻ ከ950,000 በላይ ሆኑ። ቁጥሩ ሲያድግ ጥርጣሬው አብሮ አደገ። በ1994 ገደማ፣ ወላጆች ልጆቻቸውን በትምህርት ቤት እንዲያጠፉና እንዲረብሹ እያሠለጠኑ ገንዘብ ይበላሉ የሚል ወሬ በጋዜጣና በቴሌቪዥን ተናፈሰ። የመንግሥት መርማሪዎች ጉዳዩን አጣርተው፣ ነገሩ የተስፋፋ ለመሆኑ በቂ ማስረጃ አላገኙም። ወሬው ግን ከምርመራው ቀድሞ የምክር ቤቱን አዳራሽ ገብቶ ነበር።

በኦገስት 22 ቀን 1996 ፕሬዚዳንት ክሊንተን የፈረሙት የድጎማ ማሻሻያ ሕግ ያንን የቅንፍ ሐረግ ሰረዘው። ለልጆች የተለየና የጠበቀ ትርጉም ሰጠ፤ ከዚህም ጋር፣ 18 ዓመት የሞላው ተደጓሚ ሁሉ በአዋቂ መለኪያ እንደ ገና እንዲመረመር አዘዘ። ከዚያ በፊት በ1994 የወጣ ሕግ እንዲህ ያለውን ምርመራ ያዘዘው ለሦስት ዓመት ያህልና ከወጣቶቹ ቢያንስ ለአንድ ሦስተኛው ብቻ ነበር።

በእኔ አስተያየት ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው። በ1984 ከወጣ ሕግ ወዲህ፣ አስቀድሞ በድጎማ ላይ ያለ አዋቂ ሰው በሕመም ምርመራ ከመዝገብ የሚሰረዘው፣ ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች ሲቀሩ፣ ሕመሙ መሻሉን መሥሪያ ቤቱ ሲያሳይ ነው። 18 ዓመት የሞላው ወጣት ግን በዚህ ከለላ አይጠቀምም፤ ድጎማ ጠይቆ እንደማያውቅ እንደ አዲስ አመልካች ይቆጠራል። ስለዚህ ሕመሙ ቅንጣት ሳይሻለው ሊሰረዝ ይችላል። የተለወጠው መለኪያው እንጂ ልጁ አይደለም። ከሚመረመሩትም መካከል አንድ ሦስተኛ ያህሉ ወይም ከዚያ የሚበልጡት ድጎማውን ያጣሉ፤ በብዙ ግዛቶች ከገንዘቡ ጋር የተያያዘውን ነፃ ሕክምናም ለማጣት ይጋለጣሉ።

ሕጉ የሚዘጋ ብቻ ሳይሆን የሚከፍትም በር እንዳለው ሳልናገር ባልፍ አድልዎ ይሆንብኛል። ልጁ ከ18 ዓመት በታች ሳለ ከወላጆቹ ገቢና ሀብት የተወሰነው እንደ ራሱ ይቆጠርበታል፤ 18 ሲሞላው ይህ ይቀራል። ስለሆነም አባቱ ደህና ደመወዝተኛ በመሆኑ ብቻ ተከልክሎ የነበረ ልጅ፣ ከልደቱ በኋላ በራሱ ድኽነት አመልክቶ ሊያገኝ ይችላል። ብዙ ወላጆች አንድ ጊዜ ተከልክለናል ብለው ዳግመኛ ሳይጠይቁ ይቀራሉ። የተሰረዘውም ወጣት ይግባኝ ለማለት 60 ቀን አለው፤ ይግባኙ እስኪታይ ክፍያው እንዳይቋረጥበት ከፈለገ ግን ደብዳቤው በደረሰው በ10 ቀን ውስጥ መጠየቅ አለበት። በልዩ ትምህርት ወይም በሙያ ማሠልጠኛ ላይ ያለ ከሆነም ክፍያው እስኪጨርስ ሊቀጥልለት ይችላል። የአእምሮ ዝግመት ያለበት ወጣት፣ እናቱም እንግሊዝኛ የማታነብ ብትሆን፣ ዐሥሩ ቀን በምን እንደሚያልቅ የሙያ ባልደረቦቼ ከእኔ ይበልጥ ያውቁታል።

ውጤቱን በቁጥር የለኩት ማናሲ ዴሽፓንዴና ማይክል ሙለር ስሚዝ የተባሉ የኢኮኖሚክስ ሊቃውንት ናቸው። በ2022 ባሳተሙት ጥናት፣ 18ኛው ልደታቸው ከኦገስት 22 ቀን 1996 ጥቂት ቀድሞ የዋለውን ወጣቶች ጥቂት ዘግይቶ ከዋለው ጋር አነጻጸሩ። የኋለኞቹ በአዲሱ ሕግ የመመርመርና የመሰረዝ ዕድላቸው እጅግ የበዛ ነበር። በተከተሉት ሁለት ዐሥርት ዓመታት፣ ድጎማውን ባጡት ላይ የቀረበው የወንጀል ክስ በ20 በመቶ፣ በየዓመቱ የመታሰር ዕድላቸውም በ60 በመቶ ከፍ አለ። ጭማሪው የበዛው እንደ ስርቆት ባሉ ገንዘብ ለማግኘት በሚፈጸሙ ወንጀሎች ነው። ለፖሊስና ለእስር ቤት የወጣው ወጪም ከድጎማው የተቆጠበውን ገንዘብ ከሞላ ጐደል በላው። በሁለቱ ወገኖች መካከል የነበረው ልዩነት የልደት ቀን ብቻ ነው፤ አንዳንዶቹም የተወለዱት በጥቂት ሳምንታት ልዩነት በ1978 በጋ ነበር።