«ግራኒ» ስለሚባለው የእንግሊዝኛ ቃል ትርጓሜና አገባብ

በእንግሊዝኛ ሴት አያት በቁልምጫ ከምትጠራባቸው ቃላት አንዱ «ግራኒ» ነው። ይህንን «አያት» ብሎ የሚተረጕም ሰው ከፍቺው ግማሹን ብቻ ያገኛል፤ የእኛ «አያት» ወንዱንም ሴቲቱንም የሚያጠቃልል ሲሆን ቁልምጫ የለበትም። ልጅ ሴት አያቱን ሲጠራ ብዙውን ጊዜ «እማማ» ወይም «እምዬ» ማለትን ይመርጣል።

የጥንቱ እንግሊዝኛ አያትን «ኤአልደሞዶር»፥ ይኸውም «አሮጊት እናት» ይላት ነበር። ኖርማኖች በ1066 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቈጣጠር፤ ከዚህ በታችም እንዲሁ) እንግሊዝን ከያዙ በኋላ ግን የመኳንንቱ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ሆነ፤ ከእርሱም «ግራንድ ዳም»፥ «ታላቅ እመቤት» ማለት፥ ገባ። «ዳም» ከላቲኑ «ዶሚና» የመጣ የጌትነት ስም ነው። በሕዝብ አፍ «ግራናም» ተብሎ አጠረ፤ በ17ኛው መቶ ዓመትም «ግራኒ» ሆነ። እንደዚህ የእመቤትነት ማዕርግ የነበረው ቃል የእልፍኝ ቁልምጫ ሆኖ ቀረ። መርከበኞችማ የማያስተማምነውን የገመድ ቋጠሮ በዚሁ ስም እስከ መጥራት ደርሰዋል።

ከሁሉ ይልቅ ሊመረመር የሚገባው የደቡብ አሜሪካ ግዛቶች አገባብ ነው፤ ደቡብ ስል የተባበሩት መንግሥታትን ደቡብ ማለቴ ነው። በባርነት ዘመን በእርሻዎቹ ላይ ሕፃናትን የሚጠብቁና የሚያዋልዱ አሮጊቶች «ግራኒ» ይባሉ ነበር። ስሙ ከሙያው ጋር ከመጣበቁ የተነሣ ቃሉ ግሥ እስከ መሆን ደርሶ «አዋለደ» ለማለት ይነገር ነበር። ጥቍሮቹ ቤተ ሰቦች ይህን ስም በአክብሮት ያነሡታል። ነጮቹ ግን ጥቍሯን ሴት «ሚስስ» ብለው እንዳያከብሩ «አክስት» ወይም «ግራኒ» ይሏት ነበር፤ የዝምድናው ቃል የወይዘሮነቷ መንፈጊያ ሆነ ማለት ነው። እኔም ባሕር ማዶ በምማርበት ጊዜ ሁለቱንም አገባብ ሳልለይ «እማማ» ብዬ ተርጕሜ ነበር፤ ስሕተት ነው። በአማርኛ «እማማ» ከ«እርስዎ» ጋር የሚሄድ የክብር አጠራር ነውና፥ ከነጩ ጌታ አፍ ለወጣው «ግራኒ» «አንቺ አሮጊት» ይቀርበዋል።

በ20ኛው መቶ ዓመት መባቻ በተባበሩት መንግሥታት ከሚወለዱት ግማሽ ያህሉ በአዋላጆች እጅ ይወለዱ ነበር። ሐኪሞች በእነዚህ ሴቶች ላይ በተነሡ ጊዜ «ግራኒ» የሚለው ስም የድንቍርናና የእድፍ ምልክት ሆኖ ተነገረ። በ1921 የወጣው የሼፐርድ ታውነር ሕግ ለእናቶችና ለሕፃናት ጤና ገንዘብ መደበ፤ በዚሁም ገንዘብ አዋላጆች ይሠለጥኑና ይመዘገቡ ጀመር፤ መቈጣጠሪያም ሆነባቸው። በ1953 በጆርጂያ የተሠራው «ኦል ማይ ቤቢስ» የተባለው ፊልም የሜሪ ኮሊን ሥራ ያሳያል፤ ለማስተማሪያ የተሠራ ቢሆንም የሙያዋን ብቃት ከማንኛውም ጽሑፍ ይልቅ ይመሰክራል። አላባማ በ1976 ባወጣችው ሕግ የእነዚህን አዋላጆች ሥራ ዘጋች።

ዛሬ ታሪካቸውን ከሚጽፉት መካከል «ግራኒ»ን ትተው «ግራንድ» አዋላጆች የሚሏቸው አሉ፤ «ታላቅ» የሚለው የቃሉ ጥንታዊ አካልም በዚህ ተመልሷል።