የሚያነብልኝ ማን ነው? ከሰበታ እስከ ስድስት ኪሎ

ከአዲስ አበባ በጅማ መንገድ ወጥቶ፣ ወጨጫ ተራራን በስተቀኝ እያዩ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዙ ሰበታ ይደረሳል። ብዙ ሰው ከተማዋን የሚያውቃት በፋብሪካዎቿ፣ በሜታ ቢራና በጌቴሴማኒ ቤተ ማርያም ገዳም ነው። በአገራችን ዓይነ ስውራን ዘንድ ግን ሰበታ ሲባል ቀድሞ የሚነሳው መርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት ነው። በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የተቋቋመው ይህ አዳሪ ትምህርት ቤት ከየክፍለ አገሩ ልጆችን እየተቀበለ ብሬል አስተማረ፤ ለብዙዎቹም የዩኒቨርሲቲን ደጅ የከፈተ የመጀመሪያው በር ሆነ።

ከዚያ በፊት ዓይነ ስውር ልጅ መማሪያ አልነበረውም ማለት አይደለም። በአብነት ትምህርት ቤት ትምህርቱ በአመዛኙ በቃል ስለሆነ፣ ዓይነ ስውሩ ደቀ መዝሙር ከጓደኛው አፍ እየሰማ ዜማውንም ቅኔውንም ይይዝ ነበር፤ ከነዚህ መካከል ስመ ጥር መምህራን ወጥተዋል። ከአብነት ትምህርት ቤት ውጭ ግን የዕለት እንጀራ የሚያገኝበት መንገድ ጠባብ ነበር፤ የብዙዎች ዕጣ የቤተ ክርስቲያን ደጅ ሆኖ ቀርቷል።

ፈረንሳዊው ሉዊ ብሬል፣ እሱም ዓይነ ስውር፣ የስድስት ነጥቡን ጽሕፈት እ.ኤ.አ. በ1824 ሲያበጅ ገና የ15 ዓመት ልጅ ነበር። ጽሕፈቱ ወደ አማርኛ ሲመጣ ፊደላችንን ፈታትቶ ነው የገባው። በገበታው ላይ አንድ ሆኖ የሚታየው «ቡ» በብሬል ሁለት ቦታ ይይዛል፤ መጀመሪያ ተነባቢው፣ ቀጥሎ አናባቢው። በእጅ ሲጻፍ ደግሞ ወረቀቱ ስሌት በተባለው የብሬል መጻፊያ መካከል ገብቶ ስታይለስ በተባለው ሹል መውጊያ ከቀኝ ወደ ግራ ይወጋል፤ ሲገለበጥ ከግራ ወደ ቀኝ በጣት ይነበባል። የሰበታ ልጆች ይህን በፍጥነት ሲሠሩት ያየ ሰው መቼም አይረሳውም። ወረቀቱ ወፍራም ስለሆነና ጽሕፈቱም ቦታ ስለሚፈጅ፣ ዓይናማው በኪሱ የሚይዘው መጽሐፍ በብሬል ብዙ ጥራዝ ይሆናል።

ችግሩ የሚብሰው ዓይነ ስውሩ ተማሪ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ነው። ሰበታ ውስጥ ሁሉም ነገር ለእሱ የተሰናዳ ነበር። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስድስት ኪሎ ግን ለዓይናማ የተሠራ ግቢ ነው፤ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ደረጃዎች፣ በሰሌዳ ላይ የሚለጠፈው ማስታወቂያ፣ መምህሩ «እዚህ ጋ እንደምታዩት» እያለ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የሚጽፈው፣ በፎቶ ኮፒ የሚበተነው ሐንድአውት፣ ሁሉም ዓይን ይጠይቃሉ። ስለዚህ ከሰበታ፣ ከሻሸመኔ ወይም ከባኮ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት የመጣው ፍሬሽማን በመጀመሪያው ሳምንት የሚገጥመው ጥያቄ አንድ ነው፤ የሚያነብልኝ ማን ነው?

መልሱን ለረጅም ጊዜ የሰጡት ተማሪዎቹ ራሳቸው ናቸው። የዶርም ጓደኛ፣ የክፍል ልጅ፣ አንዳንዴም ከውጭ የሚመጣ በጎ ፈቃደኛ ሐንድአውቱን ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል፤ ዓይነ ስውሩ በስሌቱ ይወጋል ወይም በቴፕ ይቀዳል። ፈተና ሲደርስ ደግሞ ጸሐፊ ይፈለጋል፤ ጥያቄውን የሚያነብለትና መልሱን እየሰማ የሚጽፍለት። ጸሐፊው የትምህርቱን ቃላት ካላወቀ መልሱ ይበላሻል፤ ቢዘገይ ሰዓቱ ያልቃል። በፈተናው ቀን ካልመጣስ? የሴሚስተሩ ድካም ሁሉ በአንድ ሰው መምጣትና መቅረት ላይ ይንጠለጠላል። ይህ የጓደኝነት ሥርዓት ብዙ ጠበቆችን፣ መምህራንንና የታሪክ ምሁራንን አፍርቷል፤ ለዚያም ክብር ይገባዋል። ሆኖም ትምህርት በሌላው መልካም ፈቃድ ላይ መመሥረት አልነበረበትም፤ የተማሪ ማኅበር ቀድሞ ሊሸከመው የሚገባው ጉዳይ ይህ ነበር ብዬ አምናለሁ።

የስድስት ኪሎ የተማሪ ማኅበር ታሪክ ግን በአብዛኛው የታላላቅ ጥያቄዎች ታሪክ ነው። ዩኒቨርሲቲው በኮሌጅነት በ1943 ዓ.ም ተከፈተ፤ በ1950 አክራ ላይ ከተደረገው የነፃ አፍሪካ አገሮች ጉባኤ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ በሰጡት ስኮላርሺፕ ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች ተማሪዎች መጡና የግቢው ወሬ ሰፋ። የካቲት 1957 «መሬት ላራሹ» ተባለ። በኅዳር 1962 ተማሪው ዋለልኝ መኮንን የብሔረሰቦችን ጥያቄ በጽሑፍ አቀረበ፤ በወሩ፣ ታኅሣሥ 19 ቀን፣ የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው በጥይት ተገደለ። በእነዚህ መካከል እምብዛም የማይነሳ አንድ ግንቦት አለ፤ የ1958ቱ። ከአዲስ አበባ መንገዶች የተለቀሙ ለማኞች ሾላ በተባለው ስፍራ ታጉረው በምን ዓይነት ሁኔታ እንዳሉ ተማሪዎች አዩና «ድህነት ወንጀል ነውን?» ብለው ሰልፍ ወጡ።

በእኔ ግምት ያ ሰልፍ ከመሬት ላራሹ ባልተናነሰ መታወስ ነበረበት። በዚያ ሰልፍ የባለሥልጣን ልጅ፣ የነጋዴ ልጅ፣ የገበሬ ልጅ ሳይባል የወጡት ተማሪዎች የጠየቁት ለራሳቸው ጥቅም አልነበረም። ለማኝ ከሚባሉት ብዙዎቹ አካል ጉዳተኞች ስለነበሩ፣ ጥያቄው ሳይታወቅ የሰበታንም ልጅ ይነካ ነበር። ያው ማኅበር ግን በገዛ ግቢው ውስጥ ሐንድአውት የሚነበብበትን መንገድ የመብት ጥያቄ አላደረገውም። ከዚያ አብዮቱ መጣ፤ በ1967 ዓ.ም ተማሪው በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ተበተነ፤ ማኅበሩም በነበረበት መልክ አልቀጠለም።

በኋላ የተነሱት ኅብረቶች ሌላ ዓይነት ፈተና ገጠማቸው። በሚያዝያ 1993 ተማሪዎች የግቢ ፖሊስ ይውጣልን፣ የራሳችን ኅትመት ይመለስልን ብለው ተነሡ፤ ብዙ ወጣት ሕይወቱን አጣ፣ ብዙ ሰው ታሰረ፣ ጥቂት የማይባሉም ወደ ኬንያ ተሰደዱ። ከዚያ ወዲህ የታላቅ ጥያቄው ድምፅ ሲቀንስ የዕለት ተዕለቱ ጉዳይ ቦታ አገኘ፤ የካፌ ምግብ ኮሚቴ፣ የጾም ምግብ፣ የረመዳን ሱሑር፣ የዶርም ድልድል። እነዚህን ትናንሽ የሚላቸው ሰው አለ፤ አልስማማም። ከተለያየ እምነትና ቋንቋ የመጡ ሺዎች አንድ ማዕድ የሚበሉበት ቦታ፣ ማዕዱ ላይ ካልተስማሙ ሌላውም አያስማማቸውም።

በዚህ ወቅት ከተማሪዎች መካከል ብቅ ካሉት አንዷ የትነበርሽ ንጉሤ ናት። በወሎ ሳይንት የተወለደችው የትነበርሽ በአምስት ዓመቷ በሕመም ዓይኖቿን አጣች። ይህም ከልጅነት ጋብቻ እንዳዳናት በየመድረኩ ተናግራለች፤ በአካባቢዋ ሴት ልጅ በልጅነቷ ስትዳር፣ ዓይነ ስውሯ ግን ለትዳር የማትሆን ተብላ ወደ ትምህርት ተላከች። ሻሸመኔ በካቶሊክ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት፣ ከዚያ በዳግማዊ ምኒልክ፣ ከዚያ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተማረች። በግቢው የፀረ ኤድስ እንቅስቃሴ መሪ ሆነች፤ እ.ኤ.አ. በ2006 ደግሞ የሴት ተማሪዎች ማኅበር አቋቁማ የመጀመሪያዋ ፕሬዚዳንት ሆነች። ልብ በሉ፤ የመራችው የዓይነ ስውራንን ማኅበር አልነበረም። ሴት ተማሪዎች ሁሉ፣ ዓይናማዎቹ ጭምር፣ ወክለሽ ተናገሪ አሏት። እ.ኤ.አ. በ2017 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ስትቀበል ዓለም ያወቃት ሥራ ከዚያ ግቢ ነው የጀመረው።

ሕጉም እየተከተለ መጣ። በ2011 ዓ.ም በሌላ አዋጅ እስኪተካ ያገለገለው የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 650/2001 አካል ጉዳተኛ ተማሪዎችን በአንቀጽ 40 አነሳ፤ ሕንፃው፣ ግቢው፣ ኮምፒዩተሩ እንዲመቻቸው፣ ክፍል እንዲቀየርላቸው፣ ሌላ የፈተና ዘዴ እንዲዘጋጅና የፈተና ጊዜ እንዲጨመርላቸው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2010 የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን ዓለም አቀፍ ስምምነት አጸደቀች። አዋጁ ግን ብዙውን ነገር ከተቋሙ አቅም ጋር አሰረው፤ አቅም የለኝም ማለት ደግሞ ለዩኒቨርሲቲ ቀላል ነው። እዚህ ላይ ነው የተማሪ ኅብረት የሚያስፈልገው። ሕጉን ይዞ ከአስተዳደሩ በጀት የሚጠይቅ፣ ጸሐፊው በፈተና ቀን መገኘቱን ቀድሞ የሚያረጋግጥ፣ ለአዲስ ገቢው በመጀመሪያው ሳምንት አንባቢ የሚመድብ።

አንድ ነገር ደግሞ ከግቢው አጥር ውጭ አለ። የተማሪ ኅብረት የተገነባው በዶርም ዙሪያ ነው። የአዲስ አበባ የቤት ኪራይ ሲወደድ ግን የማታውና የድኅረ ምረቃው ተማሪ ወደ ዙሪያ ከተሞች ሄደ፤ በአምቦ መንገድ ወደ ቡራዩ፣ እንጦጦን ተሻግሮ ወደ ሱሉልታ፣ በጅማ መንገድ ወደ ሰበታ። ዓይነ ስውሩ የማታ ተማሪ ከሥራ ወደ ክፍል፣ ከክፍል ወደ ታክሲ ወረፋ ሲሮጥ በጎ ፈቃደኛ አንባቢዎቹ ቤታቸው ገብተዋል። በነጭ በትሩ ገፈርሳ አካባቢ ከታክሲ ወርዶ ጭቃ የሚያቋርጠው ተማሪ በየትኛውም የዶርም ዝርዝር ላይ ስሙ የለም።

መፍትሔው ከቀድሞው ይልቅ ዛሬ ቅርብ ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2020 የማራካሽ ስምምነትን ተቀላቅላለች፤ ስምምነቱ የታተመን መጽሐፍ ለዓይነ ስውራን በሚሆን መልክ፣ በድምፅም በብሬልም፣ ከባለመብቱ ፈቃድ ሳይጠየቅ ለማዘጋጀት ያስችላል። አንድ የክፍል ልጅ ለጓደኛው በየዓመቱ እንደ አዲስ የሚያነበው የሕግ መጽሐፍ አንድ ጊዜ በሚገባ ተቀድቶ በግቢው ኬኔዲ ቤተ መጻሕፍት ቢቀመጥ፣ ሱሉልታ ያለው የማታ ተማሪ በስልኩ ታክሲ ውስጥ ሊሰማው ይችላል። ኅብረቱ ለዚህ የሚያስፈልገው ጸጥ ያለ ክፍል፣ መቅረጫና ተራ ገብተው የሚያነቡ አባላት ነው፤ አንባቢዎቹ ደግሞ ድሮም አሉ።