የ«ኢንግሊሽ ትሬደር» ሁለት ቀናት በሐመንድ ኖል

ጥቅምት 16 ቀን 1934 ዓ.ም.፣ ጎንደር ገና በጣሊያን ጦር እጅ በነበረችበት ወር፣ «ኢንግሊሽ ትሬደር» የተባለች የእንግሊዝ የጭነት መርከብ በሰሜን ባሕር፣ ከኖርፎክ ጠረፍ ማዶ፣ ሐመንድ ኖል በሚባል የአሸዋ ቁልል ላይ ወጥታ ቀረች። በማግስቱ ከሠራተኞቿ 44ቱ በሕይወት ወረዱ፤ መርከቢቱ ግን ከአሸዋው አልተነሣችም። ነገሩ በዚህ መጠን ሲነገር አጭርና ግልጽ ይመስላል። መዛግብቱን ጎን ለጎን አስቀምጠን ስንመረምራቸው ግን መርከቢቱ በትክክል የት እንደ ቀረች፣ ስለ ምን እንደ ቀረች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ መጀመሪያ ቀን ያልተቻለው ማዳን በሁለተኛው ቀን እንዴት እንደ ተቻለ መልስ የሚሹ ጥያቄዎች ይነሣሉ። ይህ ጽሑፍ በተለይ የመጨረሻውን ጥያቄ ይከተላል። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ መርከቢቱ የቀረችበትም ዕለት በዚያ አቆጣጠር ኦክቶበር 26 ቀን 1941 ነው።

ከቦታው እንጀምር። ከኖርፎክ ምሥራቃዊ ጠረፍ ባሻገር፣ ከየብሱ ጋር ትይዩ ሆኖ፣ ወደ 16 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚዘረጋ የአሸዋ ቁልል አለ፤ ስሙም ሄይዝብራ ነው። ትይዩው ያለችው የጠረፍ መንደርም በዚሁ ስም ትጠራለች፤ ይሁንና የመንደሯና የአሸዋው ስም አነባበባቸው አንድ ሆኖ ሳለ በእንግሊዝኛ ሆሄያት ይለያያሉ፤ ይህም መዛግብትን በስም ለሚፈልግ ሰው የመጀመሪያው ወጥመድ ነው። ሁለተኛው ወጥመድ ሐመንድ ኖል ራሱ ነው። ይህ ከሄይዝብራ በስተምሥራቅ ተጠግቶ የሚገኝ አነስተኛ ቁልል ሲሆን፣ አንዳንድ ጸሐፊዎች ለብቻው በስሙ ይጠሩታል፤ ሌሎች ግን የታላቁ አሸዋ አካል አድርገው ይቆጥሩታል። ስለዚህ «ኢንግሊሽ ትሬደር» በአንዱ ትረካ በሐመንድ ኖል፣ በሌላው በሄይዝብራ አሸዋ ላይ እንደ ቀረች ብናነብ፣ ልዩነቱ የስያሜ እንጂ የክስተት አይደለም ብለን እናምናለን።

ይህ ቦታ በሰው ነፍስ ዘንድ የቆየ ዕዳ አለበት። በ1789 ክረምት በኖርፎክ ጠረፍ ላይ በደረሰው የመርከቦች ጥፋት ምክንያት በሄይዝብራ መንደር የመብራት ማማዎች ታነጹ፤ ከእነርሱም አንዱ እስከ ዛሬ ቆሟል። ሆኖም መብራት አደጋውን ያሳያል እንጂ አያስወግደውም። በማርች 1801 «ኢንቪንሲብል» የተባለች 74 መድፎች የተሸከመች የጦር መርከብ፣ ወደ ኮፐንሃገን ከሚዘምተው የባሕር ኃይል ጋር ለመቀላቀል ከያርማውዝ እንደ ወጣች፣ በዚሁ በሐመንድ ኖል ላይ ተሰካች። ከ400 በላይ ሰዎች አለቁ፤ ብዙዎቹም በሄይዝብራ ቤተ ክርስቲያን ግቢ በአንድ ጉድጓድ በጅምላ ተቀበሩ። ከዚያ ዕለት እስከ «ኢንግሊሽ ትሬደር» 140 ዓመት አለፈ። በመካከሉ እንፋሎት ሸራን ተካ፣ ብረትም እንጨትን ተካ፤ የአሸዋው ጠባይ ግን አልተለወጠም።

ይህን ጠባይ በቅጡ ያልተረዳ አንባቢ የቀረውን ትረካ ሊመዝነው ይቸገራል። በተለምዶ ዓለት ከአሸዋ ይልቅ ይፈራል፤ ለመርከበኛ ግን ምርጫው እንዲህ ቀላል አይደለም። ዓለት መርከብን ይወጋል፣ ወግቶም ብዙ ጊዜ ባለችበት አጽንቶ ይይዛታል። አሸዋ ደግሞ በመጀመሪያ በለስላሳው ይቀበላታል፤ ከዚያ በኋላ ግን የባሕሩ ሙላትና ጉድለት የሚፈጥረው ፈሳሽ ከፊቷና ከኋላዋ ሥር አሸዋውን እየቦረቦረ ይወስደዋል። ያን ጊዜ ጭነት የተሞላው ሆዷ ብቻ በመካከል ተደግፎ፣ ሁለቱ ጫፎቿ ይንጠለጠላሉ፤ ወገቧም ይሰበራል። ለአዳኞችም ቢሆን አሸዋ የከፋ ነው፤ ምክንያቱም ጥልቅ ውሃ ላይ ተንከባሎ የሚያልፈው ማዕበል ጥልቀት በሌለው ስፍራ ቀጥ ብሎ ተነሥቶ ይሰበራል፣ አቅጣጫውንም አስቀድሞ መገመት አይቻልም።

«ኢንግሊሽ ትሬደር» ከሁለቱም ጋር መገናኘቷ የታሪኳ ልዩ ገጽታ ነው። በ1934 ተሠርታ በመጀመሪያ «አርክቲስ» ትባል የነበረችው ይህች መርከብ፣ በጃንዋሪ 1937 ወደ ዳርትማውዝ ወደብ ስትገባ መሪዋ ተቆልፎ በወደቡ አፍ ካለው ዓለት ላይ ወጣች። ከሳምንታት ድካም በኋላ ባለሙያዎች የወሰዱት መፍትሔ ከባድ ነበር፤ ዓለቱ የያዘውን የፊት ክፍሏን ቆርጠው ተዉት፤ የቀረውን አካሏን በኋላዋ በኩል እየጎተቱ ወደ ሳውዝሃምፕተን ወሰዱት፤ በዚያም አዲስ ፊት ተሠራላት። አንዳንድ ተራኪዎች ይህንን ከ1941ዱ አደጋ ጋር አያይዘው መርከቢቱን ዕድለ ቢስ ይሏታል። እኛ ግን እንዲህ ያለውን ፍርድ አንቀበልም። የመጀመሪያው አደጋ ከመሪ መሣሪያ ብልሽት የመጣ ነው፤ የሁለተኛው ምክንያት ደግሞ በጦርነቱ ዘመን የባሕር ጉዞ ሁኔታ ውስጥ ሊፈለግ ይገባዋል።

ያ ሁኔታ ምን ነበር? ከስኮትላንድና ከሰሜን እንግሊዝ ወደ ለንደን የሚወርደው የድንጋይ ከሰል፣ ከለንደንም የሚወጣው ጭነት፣ በምሥራቁ ጠረፍ በኮንቮይ፣ ማለትም በአጃቢ በሚጠበቅ የመርከቦች ሰልፍ፣ ይጓዝ ነበር። መርከቦቹ በአንድ ወገን አሸዋ፣ በሌላው ወገን እንግሊዞች ራሳቸው የዘረጉት የፈንጂ አጥር ባለበት፣ ፈንጂ በተጠረገለት ጠባብ መስመር ያልፋሉ። የጀርመን ፈጣን የጦር ጀልባዎች ያደባሉ፤ አውሮፕላኖችም ይመጣሉ። የመብራት ማማዎችና የባሕር ምልክቶች ለጠላት እንዳይጠቅሙ ጠፍተዋል ወይም ደብዝዘዋል። በሰላም ዘመን መርከበኛው በሌሊት የሚመራባቸው ዓይኖች በፈቃድ ተሸፍነዋል ማለት ነው። በዚህ ላይ የሰሜን ነፋስና ፈሳሹ ሲጨመሩ፣ መርከብ ከመስመሯ መውጣቷን የምታውቀው አንዳንድ ጊዜ አሸዋውን ስትነካ ብቻ ነበር።

ለዚህ አባባላችን ከሁሉ የጠነከረው ማስረጃ ከ«ኢንግሊሽ ትሬደር» በፊት፣ በዚያው ዓመት ኦገስት 6፣ የደረሰው ነው። ኤፍ ኤስ 559 የተሰኘው ወደ ደቡብ የሚጓዝ ኮንቮይ በዐውሎ ነፋስ መካከል መስመሩን ስቶ ሄይዝብራ አሸዋ ላይ ወጣ። በኮንቮይ ውስጥ እያንዳንዷ መርከብ የፊቷን ትከተላለችና፣ የአንዷ ስህተት የሁሉም ይሆናል። ስንት መርከቦች ጠፉ ለሚለው ጥያቄ ግን ምንጮቹ አይስማሙም። የነፍስ አድን ጀልባዎቹ ታሪክ በአብዛኛው ስድስት ይላል፤ በዕለቱ የጠፉ የንግድ መርከቦች ዝርዝር ግን «ኦክስሾት»፣ «ጋልዋ»፣ «ዲርውድ»፣ «ቤቲ ሂንድሊ»፣ «ታራ»፣ «አበርሂል» እና «አፎን ታዊ» ብሎ ሰባት ይጠራል፤ በዚያ ላይ ከአጃቢዎቹ አንዷ የነበረችው «አጌት» ጠፍታለች። ሁለቱ ቁጥሮች የተለያየ ነገር ስለሚቆጥሩ ነው የሚለያዩት ብለን እንገምታለን፤ አንደኛው አዳኞች የሠሩባቸውን፣ ሁለተኛው ባሕሩ የወሰዳቸውን ይቆጥራል። በዚያች ዕለት የክሮመር ከተማ የነፍስ አድን ጀልባ «ኤች ኤፍ ቤይሊ» ብቻዋን 88 ሰዎች አዳነች፤ አዛዧ ሄንሪ ብሎግም ሦስተኛ የወርቅ ሜዳሊያውን ተሸለመ። ሁለቱ ክስተቶች በአንድ ዓመት፣ በአንድ አካባቢ፣ በአንድ ጀልባ ስለ ሆኑ ማደባለቁ ቀላል ነው፤ አንባቢው የኦገስቱንና የኦክቶበሩን ለይቶ እንዲይዝ አደራ እንላለን።

አሁን ወደ ኦክቶበር 26 እንመለስ። ክሮመር የሸርጣን አጥማጆች ከተማ ናት፤ ጀልባዋም የምትቀመጠው ወደ ባሕር በተዘረጋው ድልድይ ጫፍ ላይ ባለ ቤት ውስጥ ነበር። በ1940 የወራሪ ጦር እንዳይወጣበት ተብሎ የድልድዩ መካከለኛ ክፍል ፈርሷል፤ ከዚያ ወዲህ አዳኞቹ ወደ ጀልባቸው የሚደርሱት በክፍተቱ ላይ በተጋደመ ሳንቃ እየተራመዱ ነው። በዚያ ጠዋትም ብሎግና 11 ባልደረቦቹ ከሥራቸው ባሕሩ እየተናጠ በዚያ ሳንቃ ተሻገሩ። ብሎግ የ65 ዓመት ሰው ነበር፤ ሕይወቱን ሙሉ በባሕር ላይ ኖሮ ዋና አያውቅም። ጀልባዋ 14 ሜትር ርዝመት ያላት፣ በሁለት ሞተር የምትሄድ ነበረች። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ካለፈ በኋላ ወጥታ ሐመንድ ኖል ለመድረስ ከሦስት ሰዓት በላይ ፈጀባት።

ሲደርሱ ያዩት መርከብ ሳይሆን የመርከብ ቅሪት ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ማዕበሉ ከወለሏ በላይ ይሰበራል፤ ሠራተኞቿ በመካከል ከፍ ብሎ በቀረው ክፍል ተጨናንቀዋል፤ ባሕሩ አስቀድሞ የወሰዳቸውም ነበሩ። በእንዲህ ያለ ስፍራ ተስፋ የሚጣለው ሙላቱ ቆሞ ጉድለቱ ሳይጀምር፣ ወይም ጉድለቱ አብቅቶ ሙላቱ ሳይመለስ በሚገኘው አጭር የእርጋታ ጊዜ ላይ ነው። ብሎግ ይህንን ከማንም በላይ ያውቅ ነበር። ነገር ግን ሰዎቹ በዓይኑ ፊት እያሉ መጠበቅ የራሱ ሥቃይ አለው፤ ጀልባዋም ወደ መርከቢቱ ለመጠጋት ሞከረች። ያን ጊዜ አንድ ታላቅ ማዕበል ከጎኗ መትቶ አጋደማት፤ ብሎግን ጨምሮ አምስት ሰዎች ወደ ባሕር ተወረወሩ። በጀልባዋ የቀሩት መሪውን ይዘው፣ በዚያ ነውጥ ውስጥ እየዞሩ፣ ባልደረቦቻቸውን አንድ በአንድ ከውሃ አወጡ። ምልክት ሰጪው ኤድዋርድ አለን ግን ከውሃው ከወጣ በኋላ ሕይወቱ አለፈ።

የጎርልስተን ከተማ ጀልባም በዕለቱ ሞክራ አልተሳካላትም። ብሎግ ከውሃ ከወጣ በኋላ መሪውን መልሶ ያዘ፤ ሲመሽም ሰዎቹን በመርከቢቱ ላይ ትቶ ወደ ያርማውዝ ወደብ አቀና። የጀብዱ ትረካ የሚወዱ ጸሐፊዎች ይህንን ቦታ ፈጥነው ያልፉታል፤ እኛ ግን ቆም ብለን እንድናየው እንጠይቃለን። 44 ሰዎች የጀልባዋ ፊት ሲዞር አይተዋል። የጀልባዋም ሰዎች ሲያዩአቸው አይተዋል። በጨለማ ሌላ ሙከራ ቢደረግ በአሸዋው ላይ አንድ ተጨማሪ ስብራት ይኖር ነበር፤ የቅርቧ አዳኝም ትጠፋ ነበር። መመለሱ ፍርሃት እንዳልነበር የሚያስረዳን ቀጥሎ የሆነው ነው፤ ባልደረባቸውን ያጡት፣ ልብሳቸው የረጠበው፣ ቀኑን ሙሉ በባሕር ሲናጡ የዋሉት ሰዎች ጎሕ ሳይቀድ ተነሥተው ዳግም ወጡ። ሐመንድ ኖል ሲደርሱ ባሕሩ ጋብ ብሎ፣ መርከቢቱም ገና ሙሉ በሙሉ ሳትፈርስ አገኟት። ተጠጉ፣ ገመድ ተጣለ፣ 44ቱም ወረዱ።

ለዚህ ሥራ ብሎግ የብር ሜዳሊያ፣ 11ዱ ባልደረቦቹ እያንዳንዳቸው የነሐስ ሜዳሊያ ተሰጣቸው፤ የአለንም ከሞተ በኋላ በስሙ ተሰጠ። ለኦገስቱ ወርቅ፣ ለኦክቶበሩ ብር መሰጠቱ አንድ ጥያቄ ያስነሣል። ሰው የሞተበትና አዛዡ ራሱ ወደ ባሕር የተጣለበት ሥራ ስለ ምን ዝቅ ተደርጎ ተመዘነ? የሸላሚዎቹን ልብ መመርመር አንችልም፤ ይሁንና ሜዳሊያ የሚመዝነው በአብዛኛው ውጤትን ነው፤ 88 ነፍስም ከ44 ይበልጣል። የታሪክ ጸሐፊ ግን ሌላ ሚዛን ሊይዝ ይገባዋል። ብሎግ በ1947 ጡረታ እስኪወጣ ድረስ በ53 ዓመት አገልግሎቱ ሦስት የወርቅና አራት የብር ሜዳሊያ ተሸልሟል፤ እርሱ በተሳተፈባቸው ጉዞዎች የዳኑት 873 ሰዎች እንደ ሆኑ ይነገራል፤ በ1954ም አርፏል። ከእነዚህ ሁሉ መካከል ውሳኔው በግልጽ የሚነበብበት ሥራ የ«ኢንግሊሽ ትሬደር» ነው ብለን እንከራከራለን፤ ምክንያቱም በሌሎቹ የምናየው መግባቱን ሲሆን፣ በዚህ ግን መግባቱን፣ መክሰሩን፣ መመለሱንና እንደ ገና መግባቱን በተራ እናያለን።

«ኤች ኤፍ ቤይሊ» ዛሬ በክሮመር በብሎግ ስም በተሰየመው ቤተ መዘክር ውስጥ ቆማለች። በአጠገቧ የቆመ ጎብኚ ጎኗን በእጁ ሊዳስስ ይችላል። የመጀመሪያው ቀን ማዕበል ያጋደማት ጀልባ ይህች ናት፤ በማግስቱ ጠዋት 44 ሰዎች የወረዱትም በዚህችው ጀልባ ላይ ነው። ከሁለቱ አንዱን ብቻ የሚተርክ መዝገብ ሲያጋጥመን፣ ሌላውን ቀን ፈልገን ከጎኑ እናኑረው።