የክረምት የመኪና አደጋ በሰሜን ሸዋ፦ ጥፋት፣ ኃላፊነትና የመድን ካሣ

በሰሜን ሸዋ ደጋ፣ በተለይ ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲናና ወደ አንኮበር በሚወስዱት መንገዶች፣ በክረምት የሚደርስ ግጭትና መገልበጥ በኢትዮጵያ ሕግ በሦስት መስመር ይታያል፦ ባለንብረቱ ለተጎጂው በሚከፍለው ካሣ፣ ሾፌሩ በሚጠየቅበት ወንጀልና መድን ሰጪው በሚሸፍነው ወጪ። መንገድ ዳር የሚነሳው «ጥፋተኛው ማን ነው?» የሚለው ክርክር ለሁለተኛው መስመር ዋና ጉዳይ ነው፤ ለመጀመሪያው ግን ብዙ ጊዜ እምብዛም አይፈይድም። «ጉም ነው ያጋጨን» የሚል ባለመኪና በተጎጂው ፊት የሚያነሳው መከላከያ የለውም፤ ሕጉ የአየሩን ጠንቅ አስቀድሞ በእሱ ላይ ጥሎታልና። ይህ አቋም ትክክል ነው። ድክመቱ ያለው ካሣውን ይከፍላል ተብሎ ከኋላ በቆመው የመድን ሽፋን ስፋት ላይ ነው።

ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ትገኛለች። ከእሷ በስተሰሜን የደሴ መንገድ በጉዶ በረት በኩል ወደ ጣርማ በር ይወጣና ከ3,000 ሜትር በላይ ባለው በር ላይ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን የፈለፈሉትን ዋሻ አቋርጦ ወደ ደብረ ሲና በጠመዝማዛ ይወርዳል። ከምሥራቅ ቆላ የሚነሳው እርጥብ አየር ገደሉን ታክኮ ሲወጣ እየቀዘቀዘ ጉም ስለሚሆን፣ ሜዳው ላይ ፀሐይ እያለ ዋሻው አፍ ላይ የፊት መኪና መብራት የማይታይበት ጊዜ አለ። ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቀው አንኮበርም በዚያው ገደል አፋፍ ላይ ስለሆነ፣ ወደ አልዩ አምባ የሚወርደው መንገድ ያንኑ ጉም ይጋራል። ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ ጭቃና ናዳ ያመጣል፤ በረዶ ሲጥልም አስፋልቱ ለደቂቃዎች ነጭ ይሆናል። በኅዳርና በታኅሣሥ ደግሞ ተራው የውርጭ ነው፤ ሌሊት ውጭ ያደረ መኪና መስታወቱ ሳይጠራ ንጋት ላይ ይነሳል። ይህ ሁሉ በአገሩ ሰው ዘንድ የታወቀና በየዓመቱ የሚመላለስ ነገር ነው። መታወቁም በሕግ ፊት ትልቅ ትርጉም አለው።

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2081 ላይ የባለሞተር ተሽከርካሪ ባለንብረት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ መኪናውን የነዳው ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆን እንኳ። ቁጥር 2086 ደግሞ መውጫዎቹን ይዘጋል፦ ባለንብረቱ ጥፋት አለመሥራቱን፣ የአደጋው መንስኤ አለመታወቁን፣ ጉዳቱን ለመከላከል አለመቻሉን ወይም ሌላ ሦስተኛ ሰው ማጥፋቱን ቢያስረዳ ከኃላፊነት አይድንም። መኪናው ተሰርቆ ካልነበረ በቀር የቀረው በር የተጎጂው የራሱ ጥፋት ነው። ጉምም፣ ዝናብም፣ በረዶም «ለመከላከል አልቻልኩም» ከሚለው ውስጥ ይወድቃሉ። ሕጉን ያረቀቁት ፈረንሳዊው ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ናቸው፤ በገዛ አገራቸው ግን ከአቅም በላይ የሆነ ኃይልን በመኪና አደጋ ተጎጂ ላይ መከራከሪያ ማድረግ በግልጽ የተከለከለው እ.ኤ.አ. በ1985 በወጣው የባደንተር ሕግ ነው። የጣርማ በሩ እግረኛ ያን ጥበቃ ከፓሪሱ እግረኛ ሩብ ምዕተ ዓመት ቀድሞ በወረቀት አግኝቶት ነበር ማለት ይቻላል።

ተቃውሞው ግልጽ ነው፦ ጉሙን ያላመጣ፣ ፍሬኑን ያሠራ፣ ቀስ ብሎ ያስነዳ ባለንብረት ስለ ሰማይ ለምን ይከፍላል? ጥያቄው ባለንብረቱን ብቻ ስለሚያይ ጎዶሎ ነው። ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ አንድ ሰው መሸከሙ አይቀርም፤ ምርጫው ጥፋት በሌለባቸው ሁለት ሰዎች መካከል ነው። አንደኛው በመኪናው ይጠቀማል፣ ጉም በሚበዛበት ሰዓት ማስነሳት ወይም ማቆየት ይችላል፣ መድን መግዛትም ይችላል። በመንገድ ዳር በግ የሚነዳው ልጅ ከእነዚህ አንዱም የለውም። ኃላፊነቱ የቅጣት መልክ ቢኖረው ተቃውሞው ያስኬድ ነበር፤ ካሣ ግን ነውር የሚለጥፍ ነገር አይደለም።

ሁለት መኪናዎች ሲጋጩ መልኩ ይለወጣል። ቁጥር 2084 እንደሚለው ሁለቱም ለአደጋው እኩል አስተዋጽኦ እንዳደረጉ ይገመትና የእያንዳንዱ ባለንብረት የጠቅላላውን ጉዳት ግማሽ ይሸከማል፤ ግምቱ የሚፈርሰው አደጋው ሙሉ በሙሉ ወይም በዋናነት በአንደኛው ሾፌር ጥፋት መድረሱ ሲረጋገጥ ነው። በምሳሌ እንየው። በአንድ አይሱዙ ላይ የ200 ሺህ፣ በአንድ ሚኒባስ ላይ የ600 ሺህ ብር ጉዳት ቢደርስ ድምሩ 800 ሺህ ነው። የአይሱዙው ባለቤት ድርሻ 400 ሺህ ይሆናል፤ 200 ሺውን በራሱ መኪና ላይ ስለተሸከመ ቀሪውን 200 ሺህ ለሚኒባሱ ባለቤት ይከፍላል። ውድ መኪና የያዘ ሰው በዚህ ሒሳብ ይጠቀማል የሚለው ቅሬታ እውነት አለበት።

ይህ የእኩሌታ ግምት በደረቅ ቀንና በምስክር ፊት ብዙም ላይሠራበት ይችላል። በክረምት ግን ብዙውን ጉዳይ የሚቋጨው እሱ ነው፤ ምክንያቱም ማስረጃው ይታጠባል። የትራፊክ ፖሊስ የአደጋ ፕላን ሲያነሳ የጎማ ፍሬን ምልክት፣ የተሰባበረ መስታወት የወደቀበት ቦታና መኪናዎቹ ከመንገዱ ጠርዝ ያላቸው ርቀት ይለካል። እርጥብ አስፋልት ላይ የፍሬን ምልክት በቅጡ አይወጣም፤ መስታወቱን ጎርፍ ይወስደዋል፤ መንገዱ ስለተዘጋ የተሰለፈው ተሳቢ ሁሉ ጡሩምባ እየነፋ መኪናዎቹ ከመለካታቸው በፊት ገፋ ገፋ ይደረጋሉ። ምስክር ቢጠራም በጉም ውስጥ ያየው ድምፅ ብቻ ነው። ስለዚህ ከመነካካቱ በፊት በስልክ የተነሳ ፎቶ ከረጅም ክርክር ይልቃል። የተበላሸ መኪና ከኋላው ድንጋይና ቅጠል ደርድሮ የማቆም ልማድም እዚህ ይገባል፦ በጥሩ ርቀት ሲቀመጥ ለቆመው ሾፌር ጥንቃቄ ይመሰክርለታል፤ መኪናው ተጠግኖ ሲሄድ ድንጋዩ ካልተነሳ ግን፣ ብዙ ጊዜም አይነሳም፣ ጉም ውስጥ ለሚመጣው ቀጣይ መኪና ወጥመድ ይሆናል፤ ያስቀመጠውም ሰው በራሱ ጥፋት ሊጠየቅ ይችላል።

በወንጀል በኩል አየሩ መከላከያ ከመሆን ይልቅ አንዳንዴ ክሱን ያከብደዋል። በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ቸልተኝነት የሚለካው ሰውየው ውጤቱን መገመት ነበረበት ወይም ይችል ነበር በሚል ነው። የጣርማ በርን ጉም ያልጠበቀ የመስመሩ ሾፌር መገመት አልችልም ነበር ብሎ ለማስረዳት ይቸገራል። በቸልተኝነት ሰው መግደልን የሚመለከተው አንቀጽ 543 ተራውን ሁኔታ ከስድስት ወር እስከ ሦስት ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራት ወይም በመቀጮ ሲያስቀጣ፣ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ሰው ከሞተ ወይም ግልጽ ደንብ ሆን ተብሎ ተጥሶ ከሆነ ከአምስት እስከ አሥራ አምስት ዓመት ጽኑ እስራት ያደርሳል። «ፍሬን እምቢ አለኝ» የሚለው ቃል እዚህ የተለመደ ነው፤ ወዲያው የሚከተለው ጥያቄ ግን ፍሬኑ መቼ ታየ የሚል ነው። ሾፌሩ በወንጀል ነጻ ቢወጣም የካሣው ጉዳይ አይዘጋም፤ የፍትሐ ብሔሩ ችሎት በወንጀል ችሎቱ የነጻ መልቀቅ ውሳኔ እንደማይታሰር ቁጥር 2149 ይናገራል።

መድኑ ላይ ስንደርስ ደካማው ክር ይታያል። የተሽከርካሪ አደጋ የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799/2005 ያለ ሽፋን መንዳትን ይከለክላል፤ መኪናው ሳይታወቅ ላመለጠበት ወይም መድን ላልነበረው አደጋ ደግሞ የመድን ፈንድ አቋቁሟል፤ ገጭቶ በጉም ውስጥ መሰወር ቀላል በሆነበት መንገድ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። አዋጁ ሲወጣ ያስቀመጠው ጣሪያ ግን ለአንድ ሰው ሞት ወይም የአካል ጉዳት 40 ሺህ፣ ለንብረት 100 ሺህ፣ ለአስቸኳይ ሕክምና 2 ሺህ ብር ነበር። በላይኛው ምሳሌ ይህ የንብረት ጣሪያ ቢሠራበት ከ200 ሺው ግማሹ ከባለንብረቱ ኪስ ይወጣል። የፍትሐ ብሔር ሕጉም የኅሊና ጉዳት ካሣን ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ አድርጎ በ1952 ዓ.ም. ዋጋ አስሮታል። እንግዲህ ሕጉ በአንድ እጁ ኃላፊነቱን ያለ ወሰን ሰጥቶ በሌላው ዋስትናውን ይቆነጥራል። አንድ አሮጌ ሚኒባስ ብቻ ያለው ባለንብረት ላይ የተፈረደ ትልቅ ካሣ ብዙ ጊዜ ፍርድ ሆኖ ይቀራል፤ ገንዘብ አይሆንም።

ጣሪያው ከፍ ቢል ዓረቦኑ ይጨምራል፣ ድሃው ባለመኪናም ያለ መድን ይነዳል የሚለው ስጋት ከንቱ አይደለም። ሆኖም ወጪው ዛሬም አለ፤ እየከፈለው ያለው ቤተሰቡን የሚያስተዳድር ሰው የሞተበት ገበሬ ነው። ጀርመን እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ መንገዱ በረዶ ሲሆን የክረምት ጎማ ማድረግን ግዴታ አድርጋለች፤ ለጣርማ በር የሚያስፈልገው ያ ጎማ ሳይሆን ዓረቦኑን ከተላጠ ጎማና ከማይሠራ የጉም መብራት ጋር ማያያዝ ነው፤ እንዲህ ሲሆን ጭማሪው ጠንቁን በሚያበዛው መኪና ላይ ያርፋል።

ለራሱ መኪና ጉዳት ካሣ የሚፈልግ ባለንብረት ሙሉ ሽፋን መግዛት አለበት። የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ የመድን ክፍል የ2013ቱ አዲስ የንግድ ሕግ ከወጣ በኋላም በሥራ ላይ ነው፤ በእሱ መሠረት መድን ሰጪው የመድን ገቢውን ቸልተኝነት ጭምር ይሸፍናል፣ ሆን ተብሎ የተደረገን ግን አይሸፍንም። አደጋው በታወቀ በአምስት ቀን ውስጥ ለመድን ሰጪው መንገር ግዴታ ነው፤ ናዳ መንገድ ዘግቶ ሰው ደብረ ሲና በተቀመጠበት ሳምንት እንኳ ስልክ ይሠራልና ቀጠሮው ከባድ አይደለም። የከፈለው ኩባንያ በደንበኛው ቦታ ተተክቶ በሌላው መኪና ባለቤት ላይ ስለሚመለስ፣ መንገድ ላይ «ተስማምተናል» ብሎ ፈርሞ መለያየት ይህን መብት ሊያበላሽና ካሣውን ሊያስቀር ይችላል። ከፍሎ የተሳፈረ መንገደኛ ከባለንብረቱ ጋር ውል ስላለው ጥያቄውን የሚያቀርበው በንግድ ሕጉ የማጓጓዝ ደንቦች በኩል ነው፤ እግረኛውና የሌላው መኪና ባለቤት ግን ከውል ውጭ ባለው ኃላፊነት ይከሳሉ፣ የዚህም ይርጋ ሁለት ዓመት ነው።