ኦካፒ፦ ለአፍሪካ ገበያ የተሠራች ሰንጢ

ሲባጎ ለመበጠስ፣ ካርቶን ለመክፈት፣ ብርቱካን ለመላጥ ሰንጢ ከኪሱ የማትጠፋ ነጋዴ ብዙ ነው። ከርካሾቹ ታጣፊ ሰንጢዎች መካከል ታሪኳ ከእኛ ቀጠና ጋር የተሳሰረው ኦካፒ ናት።

ኦካፒ እ.ኤ.አ. በ1902 በጀርመን መሠራት ስትጀምር የታሰበችው በአፍሪካ ለነበሩት የጀርመን ቅኝ ግዛቶች ነበር። ያኔ የዛሬዋ ታንዛኒያ ዋና ምድር፣ ሩዋንዳና ቡሩንዲ በጀርመን እጅ ነበሩ። ስሟ በኮንጎ ደን የሚኖረው የቀጭኔ ዘመድ ስም ነው። ጀርመን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ግዛቶቿን አጣች፤ ሰንጢዋ ግን ከገበያ አልወጣችም። በ1988 ማምረቻው ወደ ደቡብ አፍሪካ ተዛወረ።

ዕድሜ የሰጣት ቀላልነቷና ዋጋዋ ነው፦ የእንጨት እጀታ፣ የካርቦን ብረት ስለት፣ ከጀርባ በቀለበት የሚለቀቅ መቆለፊያ።

ርካሽ ሰንጢ ስትገዙ፣ ኦካፒም ትሁን ሌላ፣ መጀመሪያ መቆለፊያውን እዩ። ከፍታችሁ የስለቱን ጀርባ እንጨት ላይ ጫን አድርጉት፤ ከታጠፈ ተዉት፣ ነገ ጣት ይቆርጣል። ቀጥሎ ስለቱ ወዲያ ወዲህ እንዳይወዛወዝ ፈትሹ። የካርቦን ብረት በቀላሉ ይሳላል፣ ግን ይዝጋል፤ ሎሚ ከቆረጣችሁበት ወዲያው ጠርጋችሁ ዘይት ቀቡት።

አንድ ነገር አትርሱ፦ በደቡብ አፍሪካ የኦካፒ ስም ከወንበዴዎች ጋርም ይነሳል። ለእናንተ የሥራ ዕቃ የሆነው ለፈታሽ መሣሪያ ሊመስል ይችላል። ኬላ ስትደርሱ ከኪስ አውጥታችሁ ከሥራ ዕቃ ጋር አስቀምጡት፤ በአውሮፕላን ከሆነ ደግሞ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ።